አዳማ ላይ በርበሬዬን ለአፍላቶክሲን ያስመረመርኩበት ላብ (ላቦራቶሪ)፦ ማሽኑ አንደኛ፣ ሪሴፕሽኑ ግን እግዜር ይይላቸው

ሰላም ለሁላችሁ። ባልትና ላይ ያላችሁ፣ በተለይ በርበሬ ሽሮ ምናምን አሽጋችሁ ወደ ውጭ ለመላክ የምታስቡ፣ ይሄ ለናንተ ነው። እኔ ስፈልግ ሁሉም ሰው «ላብ አስመርምሪ» ይለኛል እንጂ ላቡ ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ ምን ብዬ መጠየቅ እንዳለብኝ፣ ብሬ የት እንደሚገባ የሚነግረኝ አላገኘሁም። የላቡን ስም እዚህ አልጽፈውም ምክንያቱም የማመሰግናቸውም የምወቅሳቸውም ነገር አለኝ፣ ወቀሳው ደግሞ ልጆቹ እንጀራ ላይ እንዲመጣ አልፈልግም። አዳማ ውስጥ ናቸው፣ የፈለገ ኢንቦክስ ያድርገኝ።

ነገሩ የመጣው ከገዢ ነው። ጀርመን ያለ የሀበሻ ሱቅ በርበሬያችንን ቀምሶ ወደደው፣ ዋጋም ተስማማን፣ ከዛ «የአፍላቶክሲን ሪፖርት፣ በኤችፒኤልሲ የተሠራ፣ ከነክሮማቶግራሙ ላኪልን» አለኝ። ኤችፒኤልሲ ማለት ሊኩዊድ ክሮማቶግራፊ ነው፣ ፈሳሽ ውስጥ የተቀላቀሉ ነገሮችን ለያይቶ የሚለካ ዘዴ፣ ከፍተኛ ግፊት ያለው ዓይነቱ። ያኔ ክሮማቶግራም ማለትም ማሽኑ የሚያወጣው ግራፍ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፣ አሁን ግን ጎረቤት እስኪሰለቸው ድረስ ነው የማወራው።

አፍላቶክሲን ከሻጋታ የሚመጣ መርዝ ነው፣ አስፐርጂለስ ፍላቨስ እና አስፐርጂለስ ፓራሲቲከስ የሚባሉ ሻጋታዎች ናቸው በዋናነት የሚያመርቱት። ዛላው መሬት ላይ ሲሰጣ፣ ሳይደርቅ ጆንያ ውስጥ ሲገባ፣ መጋዘኑ ሲረጥብ ነው የሚነሳው። ዓለም ነገሩን የነቃበት እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪዎች በድንገት ሲያልቁ ነው፣ ሲጣራ የበሉት ከብራዚል የመጣ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ነበር። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ምድብ፣ ምድብ 1 ውስጥ ነው ያስቀመጠው፣ ዋና ጠላትነቱ ለጉበት ነው። እና ደግሞ «እኛ እኮ በደንብ እናቁላላለን» የምትሉ፣ ማቁላላት ሻጋታውን ይገድል ይሆናል እንጂ መርዙን ጨርሶ አያጠፋውም። በዓይንም አይታይም፣ ሻጋታ የሚታይበት ዛላ መርዝ ላይኖረው ይችላል፣ ቀይ ያማረው ደግሞ ሊኖረው ይችላል። ከተፈጨ በኋላማ ጭራሽ።

የአውሮፓ ኅብረት ለበርበሬ የፈቀደው ቢ1 የሚባለው ዋናው ዓይነት በኪሎ 5 ማይክሮግራም፣ አራቱም ማለትም ቢ1 ቢ2 ጂ1 ጂ2 ተደምረው ደግሞ 10 ማይክሮግራም ነው። ይሄ ቁጥር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ እንዲገባችሁ ብዬ ነው፣ 1 ማይክሮግራም በኪሎ ማለት 10,000 ኩንታል በርበሬ ውስጥ 1 ግራም ማለት ነው። አስቡት እስቲ፣ 10,000 ኩንታል ውስጥ አንዲት ግራም ፈልገሽ ለይተሽ መዝነሽ አምጪ ሲሉሽ። ገንዘብ ቢጠይቁ አይገርምም።

ወደ ላቡ ልምጣ። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ስልኳን እያየች «ምን ልታስመረምሪ ነው» አለችኝ፣ አፍላቶክሲን ስላት ደግሞ ኪሎ በርበሬዬን ተቀብላ ቁጥር ለጥፋ ሂጂ አለችኝ። አንድ ጥያቄ የለም። ከስንት ጆንያ ነው የወሰድሽው የለም፣ ለየትኛው አገር ገበያ ነው የለም፣ የሚፈልጉት ገደብ ስንት ነው የለም። ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ። ደግነቱ ውስጥ የሚሠራው ልጅ ሲወጣ አግኝቼ «ልጄ እስቲ አንዴ አሳየኝ፣ ብሬን ምን እንደምታደርጉት ልይ» ስለው ሳቀና «እናቴ ይግቡ፣ ጋውን ግን ይልበሱ» አለኝ። ለሱ 10 ኮከብ ቢኖር እሰጠው ነበር።

በርበሬ ዝም ብሎ ማሽን ውስጥ አይገባም። መጀመሪያ ዱቄቱን በደንብ ያደባልቁትና ከሱ መዝነው ውሃ የተቀላቀለበት ሜታኖል (የአልኮል ዓይነት) ውስጥ ይንጡታል፣ መርዙ ካለ ወደ ሜታኖሉ ይወጣል፣ ችግሩ የበርበሬው ቀለምም ቃጠሎውም ዘይቱም አብሮ ይወጣል። ሲጠለል ያየሁት ፈሳሽ ቀይ ወጥ ነው የሚመስለው። ከዛ አቅጥነው አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ በቀስታ ያሳልፉታል፣ ቱቦዋ ውስጥ አፍላቶክሲንን ብቻ ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ አለ። ሌላው ሁሉ ታጥቦ ይወርዳል፣ መርዙ ተይዞ ይቀራል፣ መጨረሻ ላይ በንጹህ ሜታኖል ያስለቅቁታል። ከዛ ቀይ ወጥ የወጣው ነገር እንደ ውሃ ጥርት ብሎ ሳየው አላመንኩም። ይቺ ቱቦ ከውጭ ነው የምትመጣው፣ አንዴ ተጠቅመው ይጥሏታል፣ ዋጋውን ከሚያስወድዱት አንዷ እሷ ናት። ልጁ የተረፈውንና ዕቃውን በምን እንዳጠበው ታውቃላችሁ? በበረኪና። አፍላቶክሲንን በረኪና ያፈርሰዋል አሉ፣ ማጠቢያው ጋ በትልቅ ጀሪካን ተቀምጧል። ስታንዳርዱን ማለትም ንጹሁን መርዝ ደግሞ ብርሃን እንዳያበላሸው ቡናማ ብልቃጥ ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት።

አሁን ማሽኑ። ፍሪጅ በቁመቱ ተቆራርጦ የተደራረበ ነገር ነው፣ ላዩ ላይ የሟሟ (የማሟሚያ ፈሳሽ) ጠርሙሶች፣ ከስር ፓምፕ፣ ከዛ ሳምፕል የሚወጋው ክፍል፣ ከዛ ኮለሙ፣ ከዛ ዲቴክተር፣ ጎን ኮምፒውተር። እኔ ያየሁት ጠርሙሱ ውስጥ ውሃ ሜታኖልና አሴቶናይትራይል ተቀላቅሏል፣ ፓምፑ ይሄን በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር አካባቢ ያለማቋረጥ ይገፋል። ይሄ ሁሉ ጣጣ የሚሠራው ኮለም ደግሞ 15 ሳንቲ ርዝመት ያላት የብረት ቱቦ ናት፣ የውስጧ ስፋት 4.6 ሚሊ ሜትር። በጣም ደቃቅ ሲሊካ ታጭቆባታል፣ የእያንዳንዷ ፍሬ ስፋት 5 ማይክሮን ነው፣ ስለዚህ ፈሳሹ በዛ መሀል እንዲያልፍ ከ100 ባር በላይ ግፊት ይፈልጋል፣ ከፍተኛ ግፊት የሚሉትም ለዚህ ነው።

መለየቱ እንዴት ነው ብዬ ስጠይቀው ልጁ ስለ ፍሬዎቹ ነገረኝ። ፍሬዎቹ ላይ 18 ካርቦን ያለው የዘይት ባሕርይ ያለው ሰንሰለት ተለጥፏል፣ ሲ18 ይሉታል። እኔ የገባኝ እንዲህ ነው፦ ሁለት ሰው ገበያ መሀል እኩል ይገባሉ፣ አንዱ ማንንም የማያውቅ እንግዳ ነው፣ አንዷ ደግሞ በየሱቁ ዘመድ ያላት፣ እየቆመች ሰላም እያለች ልጆቹ እንዴት ናቸው እያለች፣ እንግዳው በዛኛው በኩል ቶሎ ይወጣል፣ እሷ ትቆያለች። ውሃ የሚወደው ሞለኪዩል ከሟሟው ጋር ቶሎ ይወርዳል፣ ዘይት የሚወደው በየፍሬው እየተያዘ ይዘገያል። አፍላቶክሲኖቹ በእንደዚህ ዓይነት ኮለም የሚወጡበት ቅደም ተከተል መጀመሪያ ጂ2፣ ከዛ ጂ1፣ ከዛ ቢ2፣ መጨረሻ ቢ1 ነው። አራቱ በመልክ ወንድማማች ናቸው፣ ግን ያቺ ትንሽ ልዩነት ኮለሙ ውስጥ የደቂቃዎች ልዩነት ሆና ትወጣለች። ይሄ ነገር እውነት ለመናገር ያምራል። መነሻው ደግሞ ሚካኤል ጽቬት የሚባል ሩሲያዊ የእጽዋት ሊቅ ነው፣ በ1900ዎቹ መጀመሪያ የቅጠል ቀለሞችን የኖራ ዱቄት በሞላበት ቱቦ እያሳለፈ አረንጓዴውን ከቢጫው የለየ ሰው። ማርቲንና ሲንጅ የሚባሉ እንግሊዞች ደግሞ ዘዴውን አሻሽለው በ1952 ኖቤል ወስደውበታል። ዓመቶቹ በፈረንጅ ነው።

ከኮለሙ የወጣው ወደ ዲቴክተር ይሄዳል። እዚህ ያለው ፍሎረሰንስ የሚሉት ነው፣ 365 ናኖሜትር አካባቢ በሆነ በዓይን በማይታይ ብርሃን ይመታውና አፍላቶክሲኑ መልሶ የሚያበራውን 435 አካባቢ ላይ ይለካል። ቢ እና ጂ የሚለው ስማቸውም ከዚህ ነው፣ አንዱ ሰማያዊ አንዱ አረንጓዴ ስለሚያበራ። ግን ችግር አለች፣ ዋነኛው ጠላታችን ቢ1 እና ጂ1 እንዲህ ውሃ ያለበት ፈሳሽ ውስጥ ብርሃናቸው ደካማ ነው። ስለዚህ ከኮለሙ በኋላ ዲቴክተሩ ጋ ሳይደርስ ፈሳሹ በአንድ አልትራቫዮሌት መብራት ዙሪያ በተጠመጠመ ቀጭን ቱቦ ያልፋል፣ እዛ ውስጥ መልካቸው ተቀይሮ ደምቀው ይወጣሉ። በብሮሚን የሚሠሩም ላቦች አሉ አለኝ። ላብ ስትመርጡ «ቢ1ን የምታደምቁት በምንድነው» ብላችሁ ጠይቁ፣ ካፈጠጡባችሁ ሌላ ላብ ፈልጉ።

ስክሪኑ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይሄዳል ይሄዳል ድንገት ተራራ ይወጣል፣ ያ ፒክ ነው። የወጣበት ደቂቃ «ማን ነው» የሚለውን ይነግራል፣ የተራራው ስፋት ማለትም ኤሪያው «ስንት ነው» የሚለውን። ስንትነቱን ለማወቅ መጀመሪያ መጠኑ የታወቀ ንጹህ ስታንዳርድ ከትንሽ ወደ ብዙ እያደረጉ ይወጉና ኤሪያውን ከመጠኑ ጋር መስመር ላይ ያስቀምጡታል፣ የኔ በርበሬ ኤሪያ እዛ መስመር ላይ የት ወደቀ የሚለው ነው ውጤቱ። ደቂቃው ብቻ ግን ማስረጃ አይደለም ነው ያለኝ ልጁ፣ በርበሬ ውስጥ ስንት ነገር አለ፣ በአጋጣሚ በዛው ደቂቃ የሚወጣ ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል። ያቺ አንቲቦዲ ያላት ቱቦ ለዚህም ነው የምትጠቅመው። በጣም የሚያጠራጥር ከሆነ ማስ ስፔክትሮሜትር ማለትም ሞለኪዩሉን በክብደቱ የሚለይ ማሽን ያለበት ላብ ነው የሚሄደው፣ እነሱ ጋ ያ የለም።

እዛ ቁጭ ብዬ እያለሁ መብራት ጠፋ። አዳማ ነው፣ ምን ይገርማል። የመጠባበቂያ ባትሪያቸው ትንሽ ያዘና ለቀቀ። እኔ «በቃ ከቆመበት ይቀጥላሉ» ብዬ ነበር፣ ልጁ ግን የተጀመረውን ሙሉ በሙሉ ጣለው፣ መብራት ሲመጣ የዲቴክተሩ አምፖል ሞቆ ኮለሙ ሙቀቱን ይዞ መስመሩ ቀጥ እስኪል ጠበቀ፣ ስታንዳርዶቹንም እንደገና ወጋ ከዛ በኋላ ነው የኔን የነካው። ኮለሙ ያለበት ሙቀት ከተቀየረ ፒኩ የሚወጣበት ደቂቃም ይቀያየራል፣ የአዳማ ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ለዛ ነው ኮለሙ የራሱ ምድጃ ውስጥ የሚቀመጠው። ለዚህ ጥንቃቄ ባርኔጣዬን አነሳለሁ፣ ሪፖርቱ ዘገየ ተብሎ ግን ለኔ የደወለልኝ የለም፣ እኔ ነኝ እየደወልኩ የማይነሳ ስልክ ስጠብቅ የከረምኩት።

አሁን የሚያናድደው። ሪፖርቱን ስቀበል አንድ ገጽ ነው፣ ማህተም አለው፣ «አፍላቶክሲን ቢ1፣ 1.8» ይላል። 1.8 ምን? መለኪያው የለም። ጂ1 እና ጂ2 ፊት ለፊት «አልተገኘም» ይላል፣ ማሽኑ ማየት የሚችለው ከስንት ጀምሮ እንደሆነ ግን አልተጻፈም። ማየት የሚችለው ከ4 ጀምሮ ከሆነ እኮ «አልተገኘም» ማለት ምንም ማለት አይደለም። ክሮማቶግራሙን ስጠይቅ ሪሴፕሽኗ «እሱ ለውስጥ ነው» አለችኝ። እንዴ! የኔ በርበሬ፣ የኔ ብር። ገዢዬ የሚፈልገው እሱን ነው። ውስጥ ገብቼ ልጁን ስጠይቀው ወዲያው አተመልኝ፣ የስታንዳርዱን ግራፍ፣ የኔን ግራፍ፣ ዝቅተኛውን የሚለኩትን መጠንና ሪከቨሪውንም ጭምር። ሪከቨሪ ማለት ንጹህ በርበሬ ላይ አውቀው የተመዘነ መርዝ ጨምረው ስንት ፐርሰንቱን መልሰው እንዳገኙ ነው፣ አውሮፓውያን የሚቀበሉት የፐርሰንት ክልል አለ፣ የነሱ 80ዎቹ ውስጥ ስለነበር ያልፋል። ማለትም ሥራው ጥሩ ነው፣ ጥሩነቱን የሚያሳየውን ወረቀት ነው የሚደብቁት። ምን ዓይነት ንግድ እንደሆነ አይገባኝም።

እና ያልኳችሁ ጥያቄ፣ ከስንት ጆንያ የሚለው። ሻጋታ እኩል ተበትኖ አይቀመጥም፣ አንድ ጆንያ ውስጥ ጥቂት ዛላ ብቻ ተበክሎ ሌላው ንጹህ ሊሆን ይችላል። ከላይ ዘግናችሁ አንድ ኪሎ ከወሰዳችሁ ማሽኑ የነገራችሁ ስለዛች ኪሎ እንጂ ስለ መጋዘኑ አይደለም። ልጁ ሲነግረኝ ማሽኑ ከሚያመጣው ስህተት ሳምፕል አወሳሰዱ የሚያመጣው ይበልጣል ነው ያለው፣ ሪሴፕሽን ላይ ግን ይሄን የሚል ሰው የለም፣ ወረቀት እንኳን አልለጠፉም። እኔ ከየጆንያው ከላይ ከመሀል ከስር ወስጄ፣ ፈጭቼ፣ ደባልቄ ነበር የሄድኩት ያውም ገዢው ስላስጠነቀቀኝ ነው። የተፈጨ ይሻላል፣ ከዛላ ይልቅ ይደባለቃል።

ሁለት ባች ነበር ያስገባሁት። የመጀመሪያው ቢ1 1.8፣ ያልፋል። ሁለተኛው፣ ዝናብ ከነካው በኋላ ከሌላ ነጋዴ የገዛነው፣ 6.4። አሜሪካ ቢሆን ያልፋል፣ እዛ ጠቅላላው እስከ 20 ነው፣ ለጀርመን ግን አይሆንም። እህቴ «ከመጀመሪያው ጋር ብንደባልቀው እኮ ይወርዳል» አለች፣ ሒሳቡ ልክ ነው፣ አውሮፓ ግን እንደዛ ማቅጠን በሕግ ክልክል ነው። እኔም ለልጆቼ የማልሰጠውን ለሌላ አልሸጥም ብዬ ለነጋዴው ግራፉን አሳየሁት፣ ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ ግማሹን ብር መለሰልኝ። ይኸው ግራፉ ጥቅሙ፣ ቁጥር ብቻ ቢሆን «ላቡ ተሳስቶ ነው» ብሎ ያልፈኝ ነበር።

ዋጋ። ውድ ነው፣ አልዋሽም። ቱቦዋ፣ ሟሟው፣ ስታንዳርዱ፣ ኮለሙ፣ ሁሉም በዶላር የሚገባ ነው። ርካሽ የሚሉት ፈጣን ስትሪፕ አለ፣ እንደ እርግዝና መመርመሪያ መስመር የሚያወጣ፣ ገበያ ላይ ዛላ ከመግዛታችሁ በፊት ለማጣራት ጥሩ ነው፣ ለውጭ ገዢ ግን አይበቃም፣ አራቱን አይለይም።

አንድ የጎደላቸው ነገር፣ «ሱዳን» የሚባለውን ቀለም ምርመራ አይሠሩም። በርበሬ ቀይ እንዲመስል የሚጨመር የፋብሪካ ቀለም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 እንግሊዝ አገር በዚህ ምክንያት ከ400 በላይ የምግብ ዓይነት ከሱቅ ተነስቶ ነበር፣ ከዛ ወዲህ የአውሮፓ ገዢ ሁሉ ይጠይቃል። እሱም በዚሁ ሊኩዊድ ክሮማቶግራፊ ነው የሚሠራው፣ ግን ቀለም የሚያይ ሌላ ዲቴክተርና የራሱ ስታንዳርድ ይፈልጋል። እነሱ ያላቸው ፍሎረሰንሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ለሱ አዲስ አበባ ላኩ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ማሠራት የምትፈልጉ ከመጀመሪያው እዛው ብትሄዱ ይሻላችኋል።

ከ5 ስንት? ላቡ ውስጥ ላለው ሥራ 4.5፣ ሪሴፕሽንና ሪፖርት 2። ስትሄዱ በጽሑፍ ጠይቁ፦ መለኪያው ማይክሮግራም በኪሎ ተብሎ ይጻፍ፣ አራቱም ለየብቻ ይውጡ፣ የሚለኩት ዝቅተኛ መጠን ይጻፍ፣ ሪከቨሪው ይጻፍ፣ የኔና የስታንዳርዱ ክሮማቶግራም ይያያዝ። ቅድሚያ ከተስማማችሁ አይከለክሏችሁም፣ በኋላ ስትጠይቁ ነው ፊት የሚያጠቁሩት። ሳምፕሉን ሳምንቱ መጀመሪያ ላይ አስገቡ፣ ስታንዳርዱን በየቀኑ ስለማይወጉ ሰብስበው ነው የሚሠሩት፣ ዓርብ ያስገባ ሰው ለሚቀጥለው ሳምንት ነው የሚጠብቀው። በርበሬውን ሁለት ላስቲክ አድርጉበት፣ በር ላይ ያለው ጥበቃ ሲፈትሽ የኔን ከፍቶት እስካሁን ያስነጥሳል መሰለኝ። ክፍያ በቴሌብር ይቀበላሉ፣ ደረሰኝ ካልጠየቃችሁ ግን አይቆርጡላችሁም።